የአድባራታችን ሥዕሎችና የኮምፒውተር ጥበብ

በዚህ መጽሔት ስለ እርሻ፥ ስለ ትምህርትና ስለ ሥራ ማጣት ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ሥዕል ግን እምብዛም አልተጻፈም። ምክንያቱ አይሰወረንም፤ ሥዕል የጥጋብ ነገር ይመስላልና ነው። ዳሩ ግን ከመራዊ፥ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ መጥተን በአንድ አዳሪ ቤት የምንኖር ተማሪዎች ይህን ጉዳይ ለማንሣት ግድ ሆነብን። በሕፃንነታችን እያየን ያደግንባቸው የአብያተ ክርስቲያናት ሥዕሎች ዓይናችን እያየ በመጥፋት ላይ ናቸው፤ እነርሱን ለመመርመርና ለማቆየት የሚረዳው አዲስ ጥበብ ግን በየኪሳችን ይዘነው ከምንዞረው ስልክና በየዴስኩ ካለው ኮምፒውተር የራቀ አይደለም።

አሠራሩን ለማያውቁ ወንድሞችና እኅቶች ባጭሩ እንግለጽ። የጎጃም የገጠር ቤተ ክርስቲያን አብዛኛውን ጊዜ ክብ ነው፤ ከውጭ ወደ ውስጥ ቅኔ ማኅሌት፥ ቅድስት፥ መቅደስ ተብሎ ይከፈላል። ሥዕሉ ያለው በመካከል በቆመው ባለ አራት ማዕዘን መቅደስ የውጭ ግድግዳ ላይ ነው። ግድግዳው በጭቃና በጭድ ይመረግና የጥጥ ጨርቅ ይለጠፍበታል፤ ሠዓሊው የሚሥለው በዚያ ጨርቅ ላይ ነው። እንግዲህ ሥዕሉ የቆመው ጨርቁ፥ ሙጫውና ጭቃው ተስማምተው እስከኖሩ ድረስ ነው። ጣራው ባፈሰሰ ጊዜ ውኃው በጨርቁ ጀርባ ይወርዳል፤ ጭቃው ይላቀቃል፤ ጨርቁ እንደ ሆድ ይነፋል፤ ቀለሙም እየተፈረፈረ ይረግፋል። የዕጣንና የጧፍ ጢስ፥ የሌሊት ወፍና ምስጥ ደግሞ የየድርሻቸውን ያደርሳሉ።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ሥዕሉን ፈጽሞ የሚያጠፋው ግን የሰው በጎ ፈቃድ ነው። ሕዝቡ ገንዘብ አዋጥቶ ጣራውን ቆርቆሮ ካለበሰ በኋላ «ሥዕሉም ይታደስ» ይባላል። ሠዓሊ ይጠራል፤ በአሮጌው ላይ በዘይት ቀለም ይሣላል፤ አለዚያም አሮጌው ጨርቅ ተገፍፎ አዲስ ይለጠፋል። አልፎ አልፎም ከከተማ ታትሞ የመጣ ሥዕል በቦታው ይገባል። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን በአማርኛችን «ማደስ» የሚለው ቃል ሁለት ተቃራኒ ሥራዎችን አንድ ላይ መያዙን ነው። ለምእመኑ ማደስ ማለት እንደ አዲስ ማድረግ ነው፤ ለሙዚየም ሰው ደግሞ አሮጌው አሮጌ እንደሆነ እንዲቆይ ማድረግ ነው። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ቃል እየተነጋገሩ ሳይግባቡ የሚለያዩትም ስለዚህ ነው።

በዚህ ነገር ካህናቱን ለመውቀስ አልተነሣንም። ሥዕሉ የተሣለው ለጸሎት እንጂ ለሙዚየም አይደለም። ባለፈው የዕረፍት ጊዜ፥ መንገዱ በተከፈተ ሰሞን፥ ከመራዊ ወጣ ብላ ወደምትገኝ አንዲት የገጠር ደብር ሄደን ሥዕሎቹ ከመታደሳቸው በፊት ፎቶግራፍ እንድናነሣ ጠይቀን ነበር። ቄሰ ገበዙ ከተሳለሙን በኋላ፥ «እናንተ ልጆች አሮጌው ይቆይ ትላላችሁ። ሚካኤልን ዓይን አልባ አድርጌ አስቀምጬ ሕዝቡን እንዴት ስገድ ልበለው?» አሉን። ይህ ጥያቄ መልስ የሚገባው ጥያቄ ነው። ከሩቅ የመጣ ባለሙያ ሥዕሉን እንዳትነኩ ብሎ ይሄዳል፤ እርሳቸው ግን በየእሑዱ ከዚያ ዓይን ከሌለው መልአክ ፊት ይቆማሉ።

ለእኛ እንደሚመስለን አዲሱ ጥበብ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ይኸውም ማየትንና መንካትን ለይቶ ማስቀመጡ ነው። ከዚህ ቀደም አንድ ሥዕል ድሮ ምን ይመስል እንደነበር ለማወቅ መፋቅ፥ ማጠብ ወይም መሣል ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ግን ጥገናውን በመስኮቱ ላይ ሠርቶ፥ ተሳስቶም ቢሆን አጥፍቶ እንደገና መጀመር ይቻላል፤ ግድግዳው ምንም አይሆንም።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። በስልክ የተነሣ ፎቶግራፍ የቁጥር ሠንጠረዥ ነው። 12 ሚሊዮን ነጥብ ያለው ፎቶግራፍ ለእያንዳንዱ ነጥብ የቀይ፥ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠን የሚገልጹ ሦስት ቁጥሮች ስለሚይዝ በጠቅላላው 36 ሚሊዮን ቁጥሮች አሉት ማለት ነው። ጢስ በሸፈነው ሥዕል ላይ ሦስቱ ቁጥሮች አብረው ከፍ አብረው ዝቅ ይላሉ፤ ስለዚህ ለዓይናችን ሁሉም አንድ ዓይነት ቡናማ ሆኖ ይታያል። ነገር ግን ከጢሱ ሥር ቀይ ባለበት ቦታና ቢጫ ባለበት ቦታ መካከል ጥቂት ልዩነት ይቀራል። ኮምፒውተሩ የሦስቱን ቁጥሮች ዝምድና አስልቶ የጋራ የሆነውን ይለያል፤ የተለየውን ትንሽ ነገር ደግሞ ወጥሮ ያሰፋዋል። በሁለተኛ ዓመት ያስለቀሱን አይገን ቬክተሮች ለዚህ ሥራ እንደሚውሉ ያን ጊዜ ቢነገረን ኖሮ ባልተማረርን ነበር። ስሌቱ በመጀመሪያ ከሰማይ የተነሡ የመሬት ፎቶግራፎችን ለመመርመር ያገለግል ነበር፤ በኋላ ጆን ሃርማን የተባለ አሜሪካዊ በዋሻ ግድግዳ ላይ የደበዘዙ ጥንታዊ ሥዕሎችን ለማውጣት «ዲስትሬች» የሚባል ፕሮግራም ሠራበት። ዛሬ በስልክም ይሠራል።

ከዚህ የሚበልጠው ደግሞ ዓይናችን በማያየው ብርሃን ማንሣት ነው። ጥላሸት ኢንፍራሬድ የሚባለውን ብርሃን ይውጣል፤ ብዙዎቹ ቀይና ቢጫ ቀለሞች ግን ያሳልፉታል። የአገራችን ሊቃውንት ጥቁር ቀለም የሚሠራው ከጥላሸት መሆኑን በአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ አንድ ሠዓሊ መጀመሪያ በጥቁር ቀለም ንድፍ አውጥቶ በላዩ ቀይና ቢጫ ቢቀባበት፥ ማጣሪያው በወጣለት ካሜራ ሲነሣ የላዩ ቀለም ይሳሳና የታችኛው ንድፍ ይወጣል። እጁን በመጀመሪያ ወዴት አድርጎት እንደነበር፥ በኋላም ሐሳቡን እንደለወጠ ይታያል። በአልትራቫዮሌት ብርሃን ደግሞ በኋላ የተጨመረ ቀለም ከአሮጌው ተለይቶ ስለሚታይ የትኛው የጥንቱ፥ የትኛው የአዳሹ እንደሆነ ለመለየት ይረዳል። እነዚህን መሣሪያዎች ማግኘት ላልቻለ ሰው አንድ የእጅ ባትሪ እንኳ አለው። ባትሪውን ከጎን አስጠግቶ በግድግዳው ላይ ጋደም አድርጎ ቢያበራ፥ የተነፋው ጨርቅና የተሰነጠቀው ቀለም ጥላ ስለሚጥሉ ወዴት ሊረግፍ እንደተቃረበ ይታያል።

ይህ ሁሉ የፈረንጅ አገር ወሬ ብቻ እንዳይመስል የአገራችንን ታሪክ እናስታውስ። ጎጃም ለሥዕል ጥናት እንግዳ አይደለችም። በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ኒኮሎ ብራንካሌዎን የሚባል የቬኒስ ሠዓሊ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ኖረ፤ ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ በፈረንጅ አቆጣጠር አግኝቶት፥ አርባ ዓመት ያህል በአገሩ እንደቆየ፥ ቋንቋውን እንደሚያውቅና መርቆሬዎስ እንደሚባል ጽፏል። የዚህ ሰው ሥራ ለብዙ ዘመን ተረስቶ ቆይቶ፥ ዳያና ስፔንሰር የተባለች ተመራማሪ ጎጃምን ዞራ በ1974 በፈረንጅ አቆጣጠር በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም መጽሔት ባሳተመችው ጽሑፍ ሥራው በጎጃም አብያተ ክርስቲያናት ዳግም መገኘቱን ገለጠች። አራት መቶ ዓመት የተረሳ ሠዓሊ የታወቀው አንዲት ሴት ሄዳ ስላየችና ስለመዘገበች ነው። በዚያ ዘመን በዩኒቨርሲቲያችን የነበረው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪም በስድስት ኪሎ ባለው ሙዚየም የምናያቸውን ጥንታዊ ሥዕሎች በማሰባሰብ ብዙ ደክሟል።

ከ1973 በፈረንጅ አቆጣጠር ጀምሮ ደግሞ ወደ 9000 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተዋል። ይህ ታላቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለነበር በመጻሕፍቱ ውስጥ ያሉት ሥዕሎች ቀለም አብሮ አልተያዘም። በኋላ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ማይክል ጀርቨርስና ኤቫ ባሊስካ ዊታኮቭስካ ያቋቋሙት «መዝገበ ስዕላት» የተባለው የፎቶግራፍ ስብስብ ብዙ ሺህ የኢትዮጵያ ሥዕሎችን በቀለም አቀረበ። የእኛው ሰው ኪዳኔ ፋንታ ገብረማርያምም ከኖርዌይ ባልደረቦቹ ጋር በእጅ የሚያዝ የራጅ መሣሪያ ይዞ የይምርሃነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕሎች መርምሮ ውጤቱን በ2013 በፈረንጅ አቆጣጠር አሳተመ። እንግዲህ ኢትዮጵያዊ ኬሚስት የአባቶቹን ቀለም ምንነት ሳይፍቅ ማወቅ እንደሚችል ታይቷል ማለት ነው።

ከውጭው ዓለም ሁለት ምሳሌ ብቻ እንጥቀስ። በጣሊያን አገር በፓዱዋ ከተማ በኤሬሚታኒ ቤተ ክርስቲያን የነበረው የማንቴኛ የግድግዳ ሥዕል በ1944 በፈረንጅ አቆጣጠር በአውሮፕላን ቦምብ ተደብድቦ ከ80000 በላይ ስብርባሪ ሆነ። ስብርባሪው ተለቅሞ በሣጥን ተቀመጠ፤ ለብዙ ዓመታትም ማንም የት የት እንደሚገባ ሊያውቅ አልቻለም። በኋላ የሒሳብ ሰዎች እያንዳንዱን ስብርባሪ በኮምፒውተር ከድሮ ፎቶግራፍ ጋር እያስተያዩ ቦታውን ፈለጉለት፤ በ2006 በፈረንጅ አቆጣጠር የተገኘው ሁሉ በቦታው ገብቶ ታየ። የተረፈው ክፍል ጥቂት ስለነበር ቀለም ያለው እውነተኛው ስብርባሪ ብቻ ሆኖ፥ ሌላው ቦታ በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ተሞላ። ሁለተኛው በአምስተርዳም ያለው የሬምብራንት «የሌሊት ዘብ» ነው። በ1642 ተሥሎ በ1715 አዲስ ግድግዳ አልበቃው ስላለ ዳርና ዳሩ ተቆረጠ። በ2021 የጎደለውን ዳር ኮምፒውተር አሰናድቶ ታትሞ ለጥቂት ወራት በሥዕሉ ዙሪያ ተሰቀለ፤ በኋላም ወረደ። ይህ የተቻለው ሥዕሉ ሳይቆረጥ ጌሪት ሉንደንስ የተባለ ሠዓሊ ትንሽ ግልባጭ ሠርቶለት ስለነበር ነው።

ከሁለቱ የምንማረው አንድ ነገር ነው። ሒሳቡ ምንም ያህል ቢራቀቅ ማንም ያልመዘገበውን ሊመልስ አይችልም። የፓዱዋን ስብርባሪ ወደ ቦታው የመለሰው ከጦርነቱ በፊት የተነሣው ተራ ፎቶግራፍ ነው፤ ያነሣው ሰውም ምን ሊጠቅም እንደሚችል አላወቀም ነበር። እኛም ኮምፒውተሩ ከመሻሻሉ በፊት ሥዕሉ ከጠፋ የተሻሻለው ኮምፒውተር የሚሠራበት ነገር አያገኝም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደዚያች ደብር እንመለስ። ፎቶግራፉን በፈቃድ አንሥተን ወደዚህ ከተመለስን በኋላ በኮምፒውተር ስንመረምረው፥ ከአንዲት የእመቤታችን ሥዕል ሥር በግንባሯ የተደፋች ሴት፥ በአጠገቧም ደብዛዛ ጽሕፈት ወጣ። በቦታው ለዓይናችን ከጢስ በቀር የታየን ነገር አልነበረም። ጽሕፈቱ «ተማኅፀነት ወለተ» ካለ በኋላ አንዲት ፊደል ግማሽ ሆና ትቀራለች፤ የማ ትሁን የሚ እግሯ ስለጠፋ አይለይም። ወለተ ማርያም ሊሆን ይችላል፤ ወለተ ሚካኤልም ሊሆን ይችላል። የጎደለውን የሚሞላው ፕሮግራም ግን ምንም ሳይጠራጠር «ወለተ ማርያም» ብሎ፥ ቀለሙንም የጨርቁንም ድር አስመስሎ አምሮ የተጻፈ ስም ሰጠን። ከመካከላችን አንዱ «እንዲህ ተደርጎ ይታተም፤ ያምራል» አለ፤ ሌላው «ማን ፈቀደልን?» አለ፤ ክርክሩ እስከ ሌሊት ቆየ።

ነገሩን በስልክ ለቄሰ ገበዙ ነገርናቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው፥ «ልጆቼ፥ የተማኅፀነ ሰው ስሙ በጸሎት ይጠራል። ወለተ ብለን እናቆማለን፤ የቀረውን እግዚአብሔር ያውቀዋል። በእርሷ ቦታ ሌላ ሴት አታስገቡብን» አሉን። ስለ ምስል ጥገና ሥነ ምግባር በክፍል ከሰማነው ሁሉ ይህ ቃል በልጦብናል። የፓዱዋ ሰዎች የጎደለውን በጥቁርና ነጭ ትተው ያደረጉት እርሳቸው ባንድ ቃል ከተናገሩት የተለየ አይደለም፤ ያየነው ያየነው ነው፤ የገመትነውም ግምት መሆኑ ይታወቅ።

ይህ በስም ብቻ የሚቆም አይደለም። በአገራችን የአሣሣል ልማድ ጻድቃን ፊታቸው ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይን፥ ክፉዎች ደግሞ በጎን ሆነው በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ግማሽ ፊቱ የረገፈ ሰው ሲገኝ፥ ግማሹ የጠፋበት ጻድቅ ነው ወይስ በጎኑ የተሣለ ከሐዲ? ይህን ልማድ የማያውቅ ማሽን ለሰይጣን ሁለተኛ ዓይን ሊሰጠው፥ ለቅዱሱም ሊነሣው ይችላል። ማሽኑ የሚሞላው ቀድሞ ካያቸው ሥዕሎች እየተነሣ ነው፤ ያያቸው ደግሞ አብዛኛዎቹ የኤውሮፓ ከሆኑ ለጊዮርጊሳችን የፍሎሬንስ ጉንጭ ያወጣለታል። ስለዚህ የሥዕሉን ትርጓሜ የሚያውቅ መሪጌታና ኮምፒውተሩን የሚያውቅ ተማሪ ባንድ ጠረጴዛ ካልተቀመጡ ሥራው ግማሽ ነው።

ቄሰ ገበዙ ስለ ሚካኤል ዓይን ላነሡት ጥያቄስ ምን እንመልስ? በአሜሪካ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፀሐይ ያደበዘዛቸው የማርክ ሮትኮ ታላላቅ ሥዕሎች ነበሩ። በ2014 በፈረንጅ አቆጣጠር ሥዕሎቹን እንደገና ከመቀባት ይልቅ የጎደላቸው ቀለም በኮምፒውተር ተሰልቶ በፕሮጀክተር ብርሃን ተጣለባቸው። ብርሃኑ ሲበራ የጥንቱ መልክ ይታያል፤ ሲጠፋ ዋናው እንዳለ አለ። እኛ ለገጠር ደብር ፕሮጀክተር ይግባ አንልም፤ መብራቱም አይገኝ። ነገር ግን ሐሳቡን መውሰድ ይቻላል። መሪጌቶቹ የተስማሙበት የተሟላ ምስል በጨርቅ ታትሞ በፍሬም ተወጥሮ ከአሮጌው ፊት ቢንጠለጠል፥ ምእመኑ ዓይን ያለው ሚካኤል ያገኛል፤ አሮጌውም ሳይገፈፍና ዘይት ሳይቀባ ከኋላ ይቆያል። አየር እንዲያገኝ ከግድግዳው ጥቂት መራቅ አለበት፤ አስቀድሞም ጣራው መጠገን አለበት።

ግልባጭ በተነሣ ቁጥር ግን አንድ መራራ ነገር ማስታወስ ይገባል። በ1932 በፈረንጅ አቆጣጠር የማርሴል ግሪዮል ጓድ የጎንደር አባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው ላይ ገፍፎ ወደ ፓሪስ ወሰደ፤ በቦታውም አዲስ የተሣለ ግልባጭ ተወ። ለእነርሱ ዋናው፥ ለእኛ ግልባጩ ሆነ። በኮምፒውተር ዘመንም ነገሩ መልኩን ለውጦ እንዳይመለስ እንሥጋለን፤ ፎቶግራፉ ተነሥቶ ሲሄድ ደብሩ አንዲት ቅጂ እንኳ ሳይቀርለት የሚቀር ከሆነ ያው ነው። በሌላም በኩል ሥዕሉ ተሰርቆ በውጭ ገበያ ቢወጣ የእኛ ነው ለማለት የሚያስችለው ማስረጃ ፎቶግራፉ ነውና፥ ቅጂው በደብሩ እጅ መገኘቱ ጥቅሙ ድርብ ነው። ያው ፎቶግራፍ ከነቦታው ለሁሉ ከተገለጠ ደግሞ ለሌባ መንገድ ማሳየት ስለሚሆን ጥንቃቄ ያሻዋል።

«ሰው እየሞተ ስለ ሥዕል ታወራላችሁን?» የሚለን እንደሚኖር እናውቃለን። በጥር 2016 ዓ.ም. በመራዊ ሰላማዊ ሰዎች በተገደሉ ጊዜ እኛም ይህን ጥያቄ ለራሳችን አቅርበናል። ሥዕል ከሰው አይበልጥም፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን በዚያች ጨርቅ ላይ በግንባሯ የተደፋችው ሴትም በዘመኗ የራሷ ጭንቅ ነበራት፤ ተማኅፀነት የሚለው ቃል የሚነግረን ይህንኑ ነው። የሞቱትን ማስታወስና የእርሷን ስም ከጢስ ማውጣት የሚጣሉ ሥራዎች አይመስሉንም። ሰላም ያጣ አገር ደግሞ ሥዕሉን ለመመዝገብ ነገ የሚለው ጊዜ የለውም።

ስለዚህ ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አንደኛ፥ መንገዱ ሰላም ሆኖ ለዕረፍት ወደየአገሩ የሚሄድ ሁሉ በአቅራቢያው ጣራው ሊጠገን ወይም ሥዕሉ ሊታደስ የታሰበበት ደብር መኖሩን ይጠይቅ፤ አስቀድሞ መነሣት ያለበት እርሱ ነውና። ሁለተኛ፥ ሳያስፈቅድ አይነሣ፤ ወደ መቅደሱ ውስጥ የሚዘልቅ ነገር አይታሰብ። ሦስተኛ፥ ካሜራው ከግድግዳው ጋር ትይዩ ይሁን፤ በመቆሚያ ይቁም፤ ፍላሽ ይቅር፤ ፎቶግራፎቹ ጫፍ ለጫፍ ይደራረቡ፤ በእያንዳንዱም ዳር ማስመሪያና የቀለም መለኪያ ካርድ ይግባ፤ አለዚያ የዛሬው ቀይ ከነገው ቀይ ጋር አይነጻጸርም። አራተኛ፥ የግድግዳው አቅጣጫ፥ የሥዕሉ ታሪክና የግእዙ ጽሕፈት በደብተር ይጻፍ፤ ግእዝ ያጠኑ ጓደኞቻችን እዚህ ላይ ከኢንጂነሮቹ ይበልጣሉ። አምስተኛ፥ ያልተነካው ፎቶግራፍና በኮምፒውተር የተሟላው ለየብቻ ይቀመጡ፤ አንድ ቅጂም በደብሩ፥ አንድ ቅጂ በዩኒቨርሲቲው ይኑር።

የኮምፒውተሩን ክፍል በሳምንት አንድ ማታ ለዚህ ሥራ እንዲለቀቅልን ለሚመለከታቸው ክፍሎች አመልክተናል። የሒሳብ፥ የኬሚስትሪ፥ የታሪክና የግእዝ ተማሪዎች ሁሉ ያስፈልጉናል፤ እጅግ የሚያስፈልጉን ግን የየአገራቸውን ቄሰ ገበዝ በስሙ የሚያውቁና ደውለው «አባታችን፥ ጣራው እንዴት ነው?» ብለው መጠየቅ የሚችሉ ናቸው።